ጉዳዩ፦ የቀኝ ባታችንን ይመለከታል

ለሞተር ሳይክል ንድፍ ክፍል
ባላችሁበት

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የምንጽፍላችሁ ስለ እግር ነው። ነገሩ አዲስ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ሥራችሁን ዙሪያውን ብናየው፣ ሞተር ላይ የሚወጣው ፍጡር ከወገቡ በታችም እንደሚቀጥል የነገራችሁ ሰው ያለ አይመስልም። ስለዚህ ከሀሁ እንጀምረው፦ ነጂ ሁለት እግር አለው። የግራው ማርሽ ይቀይራል። የቀኙ ፍሬን ይረግጣል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ይጠበሳል።

ውለታችሁን አንክድም። ሞተራችሁ ቤንዚን ይቆጥባል፣ መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ያደርሳል፣ ለስንቱ ወጣትም እንጀራ ሆኗል። ችግሩ አርባ ምንጭ ላይ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት፣ ከኋላችን ሰው ጭነን፣ ከፊታችን የሚያቃስት አይሱዙ ተከትለን በሁለተኛ ማርሽ ስንወጣ ነው። ከላይ የቆላ ፀሐይ፣ ከታች የእናንተ ሲሊንደር። እሳት ካየው ምን ለየው ብለን እንዳንተወው፣ ሥጋው የራሳችን ነው።

ነገሩ የዘር መሆኑን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ ጀርመን አገር ካንሽታት ውስጥ፣ አካሉ እንጨት፣ ጉልበቱ የአንድ ፈረስ ግማሽ የሆነ ባለ ቤንዚን ሞተር ሳይክል ሠሩ። የዳይምለር ልጅ ፓውል ነድቶት ወደ ኡንተርቱርክሃይም ሲወጣ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የጋለ ቱቦ ልክ ከመቀመጫው ሥር ነበርና መቀመጫው እሳት ያዘ። አባትየው በዓመቱ ሌላ ሞተር በአራት ጎማ ሠረገላ ላይ ገጠመ። ክፉ አፍ ያለው ሰው ልጁ ስለነደደበት ነው ይል ይሆናል፤ እኛ አንልም። ያ የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1903 ፋብሪካው ሲቃጠል አብሮ ነደደ። እናንተ ከዚህ ሁሉ የወሰዳችሁት ትምህርት እሳቱን ከመቀመጫ ወደ ባት ማዛወር ነው። እድገት ነው፤ አንነፍጋችሁም።

ሳይንሱን እንደማናውቅ አድርጋችሁ እንዳትመልሱልን፤ እናውቀዋለን። ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማውን የሚያዞረው ሲሶ ቢሞላ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መውጣቱን አልተቃወምንም። የተቃወምነው አድራሻውን ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ሲሊንደሩን የከበቡት ስስ የብረት ክንፎች አሉት፤ ክንፎቹም ነፋስ ይጠብቃሉ። ነፋስ ደግሞ የሚመጣው ሲሄዱ ነው። ትራፊኩ እጁን ዘርግቶ ያቆመን ዕለት፣ ወይም የክረምት ጭቃ ክንፎቹ መሀል ገብቶ የደረቀ ዕለት፣ ሙቀቱ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ጭናችን ውስጥ ተከራይቶ ይቀመጣል።

በውኃ የሚቀዘቅዘውማ ይብሳል። ለሞተሩ የሙቀት መለኪያ ገጥማችሁለታል። ውኃው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ማራገቢያ ይነሣለታል፤ እንደ ጌታ ይራገብለታል። ማራገቢያው ትኩሱን አየር የሚገፋው ወደ ኋላ ነው። ከኋላ ያለነው እኛ ነን። ብረቱ ሞቀኝ ሲል የሚሰማ አለው፤ ቆዳ ሞቀኝ ሲል ግን ሱሪ ልበስ ይባላል።

የጭስ ማጣሪያውንም ነገር ሳናነሣው አንቀርም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ሥራ የጀመረው ዩሮ 5 የተባለው የአውሮፓ ደንብ ጭሳችሁን ንጹሕ አድርጉ አላችሁ፤ ደግ ብሏል። ማጣሪያው በደንብ ካልጋለ አይሠራም፤ ቶሎ እንዲግል ደግሞ ለሞተሩ ይቀርባል፤ ለሞተሩ የቀረበ ለእኛም ቀረበ። ሳንባ ጠበቃ አቁሞ ተከራከረና ረታ። ባት ችሎት አልቀረበም።

ደግሞ አልተቻለም አትበሉን። ሃርሊ ዴቪድሰን በትልልቅ ሞተሮቹ ላይ፣ ቆሞ እየሠራ ሲግል ለኋላኛው ሲሊንደር ነዳጅ የሚያቋርጥ ዘዴ ገጥሟል፤ የነጂው ጭን እንዲበርድለት። እንግዲህ ውድ ጭን ሲሞቅ ይሰማችኋል ማለት ነው። ርካሹን ጭን የምትሰሙት በስንት ብር እንደሆነ ዋጋውን ብትልኩልን በዕቁብ እናዋጣለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ተሳፋሪ። ነጂውስ ቢያንስ ጠላቱን ያውቃል፤ የጎን መቆሚያው በግራ ስለሆነ በግራ ይወጣል፣ በግራ ይወርዳል። በብዛት ወደዚህ የላካችኋቸው ትንንሽ ሞተሮች ግን ማርሚታቸው፣ ማለትም የጭስ መውጫቸው፣ በቀኝ ነው። እናንተ ዘንድ፣ ሕንድና ጃፓን፣ መኪና ግራውን ይዞ ስለሚሄድ የእግረኛው መንገድ በግራ ነው፤ ተሳፋሪም ወደ እግረኛው መንገድ ሲወርድ ማርሚታውን ጀርባ ሰጥቶ በሰላም ይሄዳል። እኛ ዘንድ መኪና ቀኙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ። ስለዚህ ተሳፋሪያችን «ወራጅ አለ» ብሎ በጤናው ልማድ በቀኝ በኩል እግሩን ይዘረጋል፤ ባቱም ማርሚታችሁ ላይ ያርፋል። ሐኪሞች ስለ ማርሚታ ቃጠሎ ሲጽፉ የቀኝ እግርን፣ ከጉልበት በታች ያለውን የውስጥ ጎን ደጋግመው የሚያነሡት ለጨዋታ አይደለም። ኢትዮጵያ መንገዷን ካዞረች ስድሳ ዓመት አለፈ፤ ማርሚታችሁ ገና ሰርኩላሩ አልደረሰውም።

መመሪያ መጽሐፋችሁ ማርሚታው ስለሚሞቅ እንዳንነካው ያስጠነቅቃል። እኛ መቼ ነካነው፤ እሱ ነው እንጂ! ወፍራም ሱሪና ቡት እንድንለብስም ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የጻፈው ሰው ግን ሚያዝያን ቆላ ውስጥ አላሳለፈም። እኛም በበኩላችን ዝም ብለን አልተቀመጥንም። አንዳንዱ ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ጨርቁ ዝናብ ይጠጣና ብረቱን ውስጥ ውስጡን ያዝገዋል። አንዳንዱ ደግሞ ማርሚታው ላይ ያለችውን የብረት ጋሻ፣ ብሎኗ ላልቶ ስለምትንኳኳ፣ ነቅሎ ቤቱ ያስቀምጣታል። ይህኛው የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ሁለተኛ ብሎን ብትጨምሩ ግን አትጎዱም። የተቃጠለውንም የጥርስ ሳሙና የምንቀባ አለን፤ ቁስሉ የሚፈልገው 20 ደቂቃ ያህል የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ እንጂ የሚያበራ ፈገግታ አልነበረም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ስትሸጡልን የፈረስ ጉልበቱን፣ ክብደቱን፣ የጋኑን ሊትር፣ የመቀመጫውን ከፍታ ሳይቀር በሚሊ ሜትር ትጽፋላችሁ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ሞተሩ ሰው ጭኖ ዳገት ወጥቶ ሲቆም ባት አጠገብ ያለው ሙቀት ይህን ያህል ዲግሪ ነው። ቁጥሩን ከጻፋችሁት ማሻሻላችሁ አይቀርም፤ ጎረቤት ፋብሪካ ያነሰ ቁጥር ጽፎ እስኪታይ ነው የምትታገሡት። ማርሚታውንም መኪና ቀኙን ይዞ ለሚሄድበት አገር ወደ ግራ ብታዞሩት፣ ካልሆነም ጋሻዋን እስከ ጫፉ ድረስ ብታስረዝሟት ቅር አይለንም። ባለ ባትሪዎቹ ሞተሮች እየመጡ ነውና ታገሡ የምትሉ ከሆነ ደግሞ፣ ያሉን የቤንዚን ሞተሮች ዳገቱን እየወጡ ያሉት ዛሬ ነው።



ከሰላምታ ጋር
ነጂዎችና ተሳፋሪዎች

ግልባጭ፦
ለግራ እግር (ለመረጃ ያህል)

ማሳሰቢያ፦ መልሳችሁን በሞተር የሚያደርስ መልእክተኛ ከላካችሁ፣ በግራ በኩል እንዲወርድ ንገሩት።