በጸሎት ይዘነዋል

ገንዘብ የተበደረኝ አንድ ወንድም አለ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። "ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?" ባልኩት ቁጥር ዓይኑን ጨፈን፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና "በጸሎት ይዤዋለሁ" ይለኛል። ሲበደር ግን በጸሎት አልያዘውም። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ጠይቆ፣ ተቀብሎ፣ ሁለቴ ቆጥሮ ነው የሄደው። ያን ዕለት "ቆይ፣ ላበድርህ ፈቃዱ መሆኑን አንድ ሳምንት ጾሜ ልጠይቅ" ብለው ኖሮ ፍቅር የጎደለው ክርስቲያን እኔ እሆን ነበር።

ቢሆንም በዚህ አባባል ላይ ክፉ ልናገር አልተነሣሁም። ላመሰግነው ነው። በእኛ በወንጌላውያን ሰፈር እንደ እሱ ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል አልተገኘም። "እምቢ" ቢሉ ያስቀይማል፤ "እሺ" ቢሉ ያስይዛል፤ "ገና አላሰብኩበትም" ቢሉ ያስንቃል። "በጸሎት ይዤዋለሁ" ሦስቱንም ተክቶ በላዩ የቅድስና መዓዛ ይጨምራል። ደግሞስ ማን ደፍሮ "ተው፣ አትጸልይ" ይላል?

አንድ የቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። አጀንዳው የመጸዳጃ ቤቱ ጣሪያ ነበር፤ ያፈሳል። ቆርቆሮው ይቀየር ወይስ አይቀየር? ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አውልቀው "ወገኖች፣ በሥጋ አንቸኩል፤ በመጀመሪያ የጌታን ፊት እንፈልግ" አሉ። ፈለግን። በጋው አለፈ፣ ክረምቱ ገባ። እኛ ስንፈልግ ምእመኑ መጸዳጃ ቤት ጃንጥላ ይዞ መግባት ጀመረ። የተጠራው አናጢ መሰላሉን አቁሞ፣ ወጣ ብሎ አይቶ "ይኼ እኮ የሁለት ቆርቆሮና የምስማር ሥራ ነው" ቢል፣ አንድ ሽማግሌ "አንተ በሥጋ ዓይን ነው የምታየው" ብለው አወረዱት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ሳስብ እስቃለሁ። ግሪክኛ የሚናገሩት መበለቶች በዕለቱ ምግብ ዕደላ ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያቱ ሰባት ሰው ምረጡ አሉ፤ ሰባቱ ተመረጡ፤ ከተመረጡ በኋላ ጸልየው እጅ ጫኑባቸው፤ አለቀ። የእኛ ኮሚቴ በዚያ ዘመን ቢኖር መበለቶቹ እስከ ዛሬ ጾማቸውን ነበሩ።

የአባባሉ ዘመዶችም የዋዛ አይደሉም። "ሰላም አልተሰማኝም" አለ፤ በማለዳ የሚጀምር ሥራ ሁሉ ሰላም የሚነሣቸውን ወጣቶች የታደገ ነው። "በሩ ተዘጋ" አለ፤ ማመልከቻውን ቀኑ ካለፈ በኋላ ያስገባ ሰው ይጠቀምበታል። "በር ተከፈተ" ደግሞ የቪዛ ነው። ይህ በር የሚገርመው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መከፈቱ ነው። ዲቪ ደርሶት "ጌታ ሂድ አለኝ" ብሎ የመሰከረ ብዙ ሰምቻለሁ። "ቨርጂኒያ ተደላድዬ ሳለሁ ጌታ ተናገረኝና የሞተውን ወንድሜን ልጆች ላሳድግ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ" የሚል ምስክርነት ግን እስካሁን ጆሮዬ አልደረሰም። ካለ ይምጣ፤ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።

መድረክ ላይ ቆሞ ስልክ ቁጥርህን የሚጠራውን ነቢይ አልነካውም። ቁጥሩን በር ላይ ለመዝጋቢው የሰጠኸው አንተ ነህ።

የዚህ ሁሉ አባባል ጸጋ ዋና መስክ ግን ጋብቻ ነው። ድሮ ወንድ ልጅ ሴት ቢወድ ሽማግሌ ይልካል። ቤተሰቡም ይጠይቃል፦ የማን ልጅ ነው? ምን ይሠራል? ይጠጣል ወይ? ቀደም ሲል ያስወለደው ልጅ አለ ወይ? ይህ ሁሉ መጉላላት ዛሬ ቀርቷል። ወንድም ከአምልኮ በኋላ እህትን ጥላ ሥር ጠጋ ብሎ "ጌታ አንቺን አሳየኝ" ካለ ሽማግሌው ራሱ ጌታ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ራእዩም ዓይነ መልካም ነው። ግሪን ካርድ ያላት፣ ድምፅዋ የሚያምር፣ ፊት ወንበር የምትቀመጥ ላይ ያርፋል። ከኋላ ተቀምጣ፣ ጉባኤው ሲበተን ወንበር የምታነሣዋን እህት እስካሁን ማንም በራእይ አላያትም።

ችግሩ አንዲቱን እህት ሦስት ወንድሞች በአንድ ወር ማየታቸው ነው። ይህ በየአጥቢያው የሚሰማ ነገር ስለሆነ መፍትሔ ማቅረብ የዜግነት ግዴታዬ ነው። የራእይ ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት በአስቸኳይ ይቋቋም። ወንድም ራእይ ባየ በማግስቱ ማለዳ ተሰልፎ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አያይዞ ያስመዝግብ። ቅጹ ላይ የራእዩ ቀንና ሰዓት፣ በሕልም ይሁን በንቃት፣ ከእራት በፊት ይሁን በኋላ ይሞላል፤ እራቱ ክትፎ ከነበረ በተለየ መዝገብ ይያዛል። ከዚያ ባለሙያ ወጥቶ ወሰን ይለካል። የሦስተኛ ወገን ክርክር ከሌለ ካርታ ይሰጠዋል። በካርታው መሠረት በሦስት ዓመት ውስጥ ግንባታ ያልጀመረ፣ ማለትም ቀለበት ያላሰረ፣ ራእዩ ይመክንና እህት ወደ መሬት ባንክ ትመለሳለች። ከአሜሪካ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት የሚመጡ ወንድሞች ጊዜ ስለሌላቸው በልዩ ጨረታ ይስተናገዳሉ።

ያለ ራእይ እንዲያው ተዋደው የተገኙ ጥንዶችስ? እነዚህ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ናቸው። መመሪያ ወጥቶላቸው፣ ቅጣት ከፍለው፣ ወደ ኋላ ተቆጥሮ አንዳንድ ሕልም ይሰጣቸውና ሥርዓት ይይዛሉ። ስም ማዛወርም ይፈቀዳል፦ የታየችው እህት ሌላ ሰው ካገባች ራእዩ ወደ ታናሽ እኅቷ ይዞራል፤ "ፊቷ ደብዘዝ ብሎብኝ ነበር" የሚል ማመልከቻ በቂ ነው። እርግጥ ሲስተም የማይሠራባቸው ቀናት ይኖራሉ። ፋይል ይጠፋል። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ይባላል። በሩ ላይ "የአንተን ራእይ ዛሬውኑ አስጨርስልሃለሁ" የሚል ጉዳይ ገዳይ ይቆማል። ይግባኝ የሚሰማው ደግሞ የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው፤ እነሱም በጸሎት ይይዙታል።

ልጅቷን የሚጠይቅ መስኮት የለም። መሬት አይጠየቅም።

ይህን እስክጽፍ ድረስ ፈገግ እያልኩ ነበር፤ አሁን ግን ፈገግታው አልመጣ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላትን ልጅ፣ አገልጋይ ነው ብላ የምታከብረው ሰውዬ "እግዚአብሔር ለእኔ ሰጥቶሻል" ሲላት እሷ የሚታያት እምቢ የምትለው ሰውየውን ሳይሆን እግዚአብሔርን ነው። ሌሊት ታለቅሳለች፣ ትጾማለች፣ ኃጢአቷን ትቆጥራለች። እሱ የተመኘውን ምኞት እግዚአብሔር አፍ ውስጥ ከትቶ ነው የመጣባት። ይህ ውሸት ነው። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት ማለትም ይኸው ነው። ዘዳግም 18 ላይ ያላዘዘውን "አዘዘኝ" ብሎ የሚናገር ነቢይ ፍርዱ ሞት ነበር። ዛሬ ቅጣቱ ቀሎ ሌላ እህት መፈለግ ብቻ ሆኗል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ስለ ምልክት አላወራሁም። ምልክት መጠየቅ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው፤ ጌዴዎን ጠይቋል። እርግጥ ጌዴዎን የበግ ጠጕሩን ከመዘርጋቱ በፊት ምን እንዲያደርግ በግልጽ ተነግሮት ነበር፤ ጠጕሩ የፍርሃቱ ነው። ለጌታው ልጅ ሚስት ሊፈልግ የተላከው የአብርሃም ሎሌም በዘፍጥረት 24 ጠይቋል። የጠየቀው ምን መሰላችሁ? ውሃ ስለምነው እኔን አጠጥታ "ግመሎችህንም ላጠጣ" የምትል ትሁን አለ። ግመሎቹ 10 ናቸው፤ ከረጅም መንገድ የመጡ ናቸው። የተጠማ አንድ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል። እንስራ ተሸክሞ፣ ወደ ምንጭ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ገንዳ ውስጥ ገልብጦ፣ ደግሞ ወርዶ ያን ሁሉ መቅዳት የግማሽ ቀን ጉልበት ነው። ሎሌው ምልክት ብሎ የጠየቀው ለማያውቁት እንግዳ የሚደክም ደግ ልብ ነው። የአእምሮ ሥራ ነበር፤ አሁን ባለው አነጋገር "በሥጋ ማሰብ" ይባላል።

የእኛዎቹስ? የማውቀው አንድ ወጣት ቅዳሜ ማታ ተንበርክኮ "ፈቃድህ ከሆነች ነገ ሰማያዊ ለብሳ ትምጣ" ብሎ ጸለየ። በማግስቱ ሰማያዊ ለብሳ መጣች። የመዘምራኑ ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው። ከፊት እስከ ኋላ የተደረደሩት እህቶች በሙሉ ፈቃዱ ሆነው ቆሙለት።

በዚህ ረገድ እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ ይሻለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1737 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ጆርጂያ፣ ሳቫና ውስጥ ሶፊያ ሆፕኪ የምትባል ወጣት ወዶ መወሰን አቃተው። ሦስት ዕጣ ተጻፈ፦ አግባ፣ ዘንድሮ አታስበው፣ ከእንግዲህ ጨርሶ አታስበው። ተጸልዮ ሲጣል ሦስተኛው ወጣ፤ ዌስሊም ተቀበለ። ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ሌላ አገባች። እሱ በኋላ ቁርባን ከለከላት፣ ተከሰሰ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቅኝ ግዛቱን ጥሎ ወጣ፤ ታሪኩ የሚያምር አይደለም። ግን አስተውሉ፣ ሰውዬው ቢያንስ "አይሆንም" የሚል ወረቀት ዕጣው ውስጥ ከትቶ ነበር። የእኛ ወንድሞች ሦስቱም ላይ "አግባ" ጽፈው ነው ጸሎት የሚጀምሩት።

ከሁሉ በላይ የምወዳቸው ግን በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 42 ያሉት ሰዎች ናቸው። ኢየሩሳሌም ፈርሳለች፣ ገዥው ጎዶልያስ ተገድሏል፤ የቀሩት ወደ ግብፅ ለመሸሽ ጓዛቸውን ሸክፈው፣ መንገድ ላይ ቆመው ኤርምያስን "እግዚአብሔርን ጠይቅልን፤ መልካምም ይሁን ክፉ እንታዘዛለን" አሉት። ኤርምያስ ሄደ። 10 ቀን ቆይቶ መልስ ይዞ መጣ፦ አትሂዱ፣ እዚሁ ተቀመጡ። ምን አሉት? "ትዋሻለህ።" ሄዱም፤ እሱንም ይዘውት ሄዱ። ጓዙ የታሰረው ከጸሎቱ በፊት ነበር።

ደግሞ የሚገርመኝ በጸሎት የማይያዘው ነገር ነው። ሶፋው ቡናማ ይሁን ግራጫ ተጹሞበታል። ልጁ የትኛው የግል ትምህርት ቤት ይግባ፣ ሦስት ቀን ጸሎት ተይዟል። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ግን ከገባችበት ቀን ጀምሮ አልጨመረም፤ እሷን የሚመለከት ድምፅ ከሰማይ አልመጣም። አይመጣማ! ተጽፏል። ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ላይ የሠራተኛ ደመወዝ የያዘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ተጽፏል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ስለ ዝሙትና ስለ ምስጋና ሲጽፍ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ ነው ብሎ በስሙ ጠርቶታል። ሚክያስ 6 ላይ እግዚአብሔር ከሰው የሚሻው ፍርድ፣ ምሕረትና ትሕትና መሆኑ ተነግሯል። ይህን ለማወቅ ጠጕር መዘርጋት አያስፈልግም፤ ገጹን መግለጥ ይበቃል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ማንም የማይፈልገው፤ የተጻፈ ነገር እንደ ሕልም አይተረጎምም።

ጸሎት አልጠላም፤ እኔም እጸልያለሁ። አስቤ፣ ጠይቄ፣ ኪሴን ቆጥሬ እወስናለሁ፤ ከተሳሳትኩ ስሙ የእኔ ስሕተት ይባላል፤ የጌታ አይባልም። ወንድሞች ሆይ፣ እህትን ከወደዳችሁ "ወደድኩሽ" በሉ። ደፍራችሁ ተናገሩ፤ ስትከለከሉም እንደ ሰው ተከልከሉ።

አንቺም እህቴ፣ አንድ ወንድም ጥላ ሥር ጠጋ ብሎ "ጌታ አንቺን አሳየኝ" ካለሽ፣ ጌታ አንቺንም ያውቅሻል፤ አድራሻሽ ሳይጠፋበት በእሱ በኩል ብቻ የሚልክበት ምክንያት የለም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ባልዋ ስለሞተባት ሴት ሲጽፍ፣ በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን እንድታገባ ነፃ ናት ብሏል። ምርጫው የእሷ ነው። ካልወደድሽው "አልፈልግህም" በይው፤ ከዚያ ወደ ቤትሽ ሂጂና ተኚ።