ከግድግዳ የወረደው ቁና

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በደጋና በቆላ መካከል በምትገኝ አንዲት የገበያ አገር አንድ ደግ ጌታ ነበር። ይህ ጌታ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ ለየቤቱ አንዳንድ ቁና ሰጠ። ቁናዎቹን የሰፋቸው ራሱ ነው፤ ስንደዶውን ለቅሞ፣ አለላውን ነክሮ፣ ወስፌውን በገዛ እጁ ይዞ። በእያንዳንዱም ቁና ውስጥ፣ ከታች ከመቀመጫው ላይ፣ በቀይ አለላ መስቀል ጣለበት። ከዚያ የአገሩን ሰዎች ሰብስቦ፣ «እስክመለስ በዚህ ስፈሩ። ለወዳጅም ለባዕድም፣ ለሀብታምም ለድሃም ስፍሩ አንድ ይሁን። እኔን ያላየ ሰው እናንተ ስትሰፍሩ አይቶ ማንነቴን ይወቅ» አላቸውና መንገዱን ጀመረ።

የአገሩ ሰው ጌታውን ይወድ ነበር። ውሎ አድሮ ግን፣ «የጌታ ስጦታ እንዴት የጤፍ አቧራ ይንካው?» ማለት መጣ። አንዱ ቁናውን ከግድግዳ ላይ ሰቀለው። ጎረቤቱ እንዳያንስ ዛጎል አስደረደረበት። ሦስተኛው በቀይ ቆዳ አስለበጠው። በዓል ሲመጣ ቁናዎቹ በእልልታ ወጥተው ይዞራሉ፤ ሰዉ ይሳለማቸዋል፤ ማታ ተመልሰው ይሰቀላሉ። ለገበያ ግን መስፈሪያ መኖሩ ግድ ነውና ጣሳ ተገዛ። የጣሳውም ቂጥ በመዶሻ ወደ ውስጥ ተደቆሰ። ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ከሥር አንድ እፍኝ ይጎድላል። ነጋዴው ከተሰቀለው ቁና ሥር ተቀምጦ፣ በጌታው ስም እየማለ፣ በጣሳው ይሰፍራል።

ባሏ የሞተባት አንዲት ጤፍ ነጋዴ ብቻ ቁናዋን አልሰቀለችም። «ጌታው ስፈሩበት ነው ያለን» ትል ነበር። ከዓመት ዓመት ስትሰፍርበት የቁናው አፍ ተበላ፤ ጎኑ ተቀደደና በቆዳ ተጣፈ።

በዚያ አገር ቁናዎች ሌሊት ሌሊት በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ይነጋገራሉ። ዛጎል ለባሹ ቁና አንድ ሌሊት፣ «ወንድሜ፣ ምነው እንዲህ ተጎሳቆልህ? የጌታችንን ክብር አዋረድኸው እኮ» አለው።

«ክብሩ ምኑ ላይ ነው?» አለ አሮጌው ቁና።

«መስቀሉ ላይ ነዋ! እኔን ያየ ሁሉ ይሳለመኛል።»

«እኔን የሚሳለመኝ የለም፤ ይሰፍሩብኛል እንጂ። የተሠራሁትም ለዚያ ነው።»

በአንዱ ዓመት ዝናቡ በነሐሴ እኩሌታ ቀጥ አለ። ጤፍ ተወደደ፤ የሴትዮዋ ጎተራም ጎደለ። ይህን ጊዜ የዛጎሉ ቁና ባለቤት፣ ሽበታሙ ጎረቤቷ፣ ሊመክራት ገባ። «ልጄ፣» አላት፣ «የሙት ልጆች ታሳድጊያለሽ። ከቁናው ሥር ድርብ ቆዳ ስፊበት። አንድ እፍኝ ብቻ ናት፤ ማንም አያውቅብሽም። ጌታውስ ቢሆን ልጆችሽ ሲራቡ ማየት ይወድዳል?» ምክሩ በክፋት የተነገረ አልነበረም። ሰውየው ራሱ የሚኖረው እንደዚያ ነው።

ሴትዮዋ ቆዳውን ቆርጣ፣ ክሩን በመርፌ ሰክታ፣ ቁናውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቆዳው ልክ መጣ። መስቀሉንም ፈጽሞ ሸፈነው።

መርፌውን ልትወጋ ስትል ከደጅ የልጆች ድምፅ ሰማችና ቀና አለች። ልጇና የሽበታሙ ሰውዬ ልጅ አፈር ከምረው ገበያ ገበያ ይጫወታሉ። ልጅቷ በገል ትሰፍራለች። አፈሩን ትሞላለች፣ በመዳፏ ትነቀንቀዋለች፣ ጫን ታደርገዋለች፣ እስኪፈስ ትከምራለች፤ ከገለበጠችው በኋላም በሁለት ጣቷ ቆንጥራ፣ «ይኸው ምርቃት!» ትላለች። ልጁ ተራው ሲደርስ በአሮጌ ጣሳ ሰፈረ። ሲሰፍር አውራ ጣቱን ጣሳው ውስጥ ከትቶ ነበር። ሁለቱንም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም።

እናትየው ክሩን ከመርፌው አወጣች። ቆዳውንም አጥፋ አስቀመጠችው፤ በማግሥቱ ለጫማ ጠጋኝ ሸጠችው።

በዚያው ሳምንት ጌታውን በስም እንኳ የማያውቅ አንድ ባለግመል ከሩቅ በረሃ ጨው ጭኖ መጣ። ጨውን ሸጦ በሦስት ቤት ጤፍ ገዛ። ማታ ከማደሪያው ሲሰፍረው ከሦስቱም ጎደለ። በማግሥቱ የቀረችውን ገንዘብ ይዞ ከሴትዮዋ ደጅ ቆመ። እሷም እንደ ልማዷ ሞላች፣ ነቀነቀች፣ ከመረች፤ ቁናውንም ከስልቻው አፍ ላይ ገለበጠችው። ጤፉ ወርዶ ሲያልቅ ከባዶው ቁና ሥር ቀዩ መስቀል ወጣ። በሚሰፈርበት ቁና ያ መስቀል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ለሌላ ሰው ካልፈሰሰ በቀር አይታይም።

ባለግመሉ ደንግጦ ስልቻውን ወደ ራሱ ሳበ። «ይህን ምልክት አውቀዋለሁ! ባጎደሉብኝ ቤቶች ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ። የሌቦች ማኅተም መስሎኝ ነበር» አለ።

ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ። «የለም ወንድሜ፣ የጌታችን ምልክት ነው» አለችው።

«ታዲያ ጌታችሁ የቱ ነው? የጣሳው ነው ወይስ የቁናው?»

«ሞልቶ የሚሰፍረው ነው። እኔ ለአንተ የምሰፍርልህ እሱ አስቀድሞ በሰፈረልኝ ነው» አለችና ምርቃቱን ጨመረችለት።

ነገሩ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ ከየቤቱ ደረሰ። የዚያን ሌሊት የቤት ዕቃ ሁሉ ተሰበሰበ። ሰፌድ፣ «እኔ ልሂድና ስለ ጌታችን ደግነት ላስረዳው፤ ድምፄ ከሩቅ ይሰማል» አለ። ወንፊት በበኩሉ፣ «መጀመሪያ የእሱ ጨው ይነፋ፤ አሸዋ አያጣውም» አለ። አሮጌው ቁና ግን፣ «ሰውየው የጎደለበት ንግግር አይደለም፤ አንድ አንድ እፍኝ ጤፍ ነው። እሱን መልሱለት» አላቸው።

ዛጎል ለባሹ ቁና ሲያስብ አደረ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሳለመው፣ ከሥሩ ድሃ ሲጭበረበር ያይ ነበር። የድሃው ዓይን ወደ እሱ ቀና ሲል የሚያየው የጌታውን ምልክት ሳይሆን የበደሉን ማኅተም ነው። ሊነጋጋ ሲል ራሱን ከችንካሩ ለቀቀና ከጣሳው አጠገብ ወደቀ።

ሽበታሙ ነጋዴ ማለዳ አገኘው። «የሌቦች ማኅተም» የሚለውን ቃል እሱም ሰምቶ ኖሮ እንቅልፍ አጥቶ ነበር ያደረው። ቁናውን አንሥቶ ዛጎሉን አንድ በአንድ በቢላዋ ቆረጠ። ከዚያ በዚያው ቁና ጤፍ ሰፍሮ፣ ከምሮ፣ ስልቻ ተሸክሞ የግመሎቹን ዱካ ተከተለ። ሲደርስበትም፣ «ወንድሜ፣ አጉድዬብህ ነበር፤ ይኸው» አለው። ባለግመሉ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየው። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ስለ ጨው ዋጋ ሳይጠይቅ በፊት፣ «ያ ጌታችሁ መቼ ነው የሚመለሰው? ላገኘው እወዳለሁ» አለ።

ሽበታሙ በዚያ ዓመት ከሰረ፤ ሚስቱም አጉረመረመች። ልጁም አውራ ጣቱን ከጣሳው ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት፤ ልጅ ያየውን ቶሎ አይጥልም። ከግድግዳ ያልወረዱ ቁናዎችም ዛሬ ድረስ አሉ።

የተረቱ ፍቺ ሩቅ አይደለም። መስቀል ባንገታችን አለ፤ ጥቅስ በታክሲያችንና በሱቃችን በር ላይ አለ። እነዚህ መልካም ናቸው፤ የሠራንም የሰጠንም እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ቅቤ ከሙዝ፣ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎ ሲሸጥ በሰማንበት አገር፣ የጎደለበት ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ያንኑ ጥቅስ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ላይ በአንድ ቤት ትልቅና ትንሽ መስፈሪያ እንዳይኖር የታዘዘው ስለዚህ ነው። ለእግዚአብሔር በቁና፣ ለሰው በጣሳ መስፈር አይቻልም።

ክርስትና ወደ ቤተ መንግሥታችን የገባበትንም መንገድ እናስብ። በ4ኛው መቶ ዘመን ከጢሮስ የመጣው ወጣት ፍሬምናጦስ በቀይ ባሕር ዳርቻ ጓደኞቹ ተገድለውበት፣ ተማርኮ ነው አክሱም የደረሰው። ንጉሡ የግምጃ ቤቱንና የጽሕፈቱን ሥራ ሰጠው። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲረዳት ለመነችው። እሱን ለማረከው፣ ወገኑን ለገደለው አገር ሒሳብ የያዘው ምርኮኛ በታማኝነቱ ነው የታመነው። ለክርስቲያን ነጋዴዎች የጸሎት ቦታ ያስገኘው፣ እስክንድርያ ወርዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተቀበለውም ከዚያ በኋላ ነው። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው ይህ ሰው ስብከቱን ከመጀመሩ በፊት ዓመታት ሙሉ መዝገቡ ሰበከለት።

ሁላችንም የምንሰፍርበት አለን። መምህሩ ማርክ ይሰፍራል፤ ጸሐፊው ባለጉዳይን «ነገ ና» በማለትና ባለማለት ይሰፍራል፤ የቤት እመቤቷ ለሠራተኛዋ እንጀራና ዕረፍት ትሰፍራለች። ልጆቻችን እየተጫወቱ ያንን ሁሉ ያጠኑታል። ደቀ መዝሙር የሚባለውም ሲሰፍር እጁ ከመምህሩ እጅ ጋር የሚመሳሰል ሰው ነው።

አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብለውናል። እውነት ነው፤ ሰውን ከበደል ለመከልከል ይበቃል። የክርስቶስ ተከታይ ግን ነገ የሚሰፈርበትን በመፍራት ብቻ አይኖርም፤ በመስቀል ላይ የተሰፈረለትን እያሰበ ሞልቶ ይሰጣል። ይህን የሚያምን ሰው ስለ እምነቱ ለመናገር ከመነሣቱ በፊት የጎደለበትን ሰው ይፈልግ፤ ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እንዳደረገው፣ የወሰደውን ከምሮ ይመልስለት።