ሕፃን ይዛ የምትሄድ ሰው አለች?

ሕፃን አቅፋ ወደ አሜሪካ የምትበር ሴት ከተገኘች ሰፈሩ ሁሉ ዘመድ ይሆናል። የልጁን ስም የማያውቅ ጎረቤት እንኳ የበረራውን ቀንና ሰዓት በቃሉ ይዟል። ደግሞስ ለምን አይይዝ? ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ብዙ ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህል ከፍሎ እናቱ ጭን ላይ ይሄዳል፤ ብዙ አየር መንገዶችም ለእሱ ጥቂት ኪሎ ይፈቅዳሉ። ይህን የመሰለ ኪሎ በዳይፐር ማባከን ግፍ ነው። ዳይፐር እዚያም ይገዛል፤ የእማማ በርበሬ ግን ከየት ይመጣል? ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በርበሬ የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች አሉ የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ የእናት እጅ አያውቅም።

ነገሩ የሚያምረው በዋዜማው ማታ ነው። ሻንጣው ወለሉ ላይ ተከፍቷል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ በሩ ይንኳኳል። «የኔ እናት፣ ትንሽ ነገር ናት፣ አትከብድሽም።» ትንሿ ነገር በሦስት ፌስታል ተጠቅልላ፣ በፕላስተር ተጠፍንጋ፣ ስልክ ቁጥር ተጽፎባት ትመጣለች። እሷን ተከትሎ ሽሮ፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ከዚያ ለማንም ይሁን ብቻ ለክርስትና የተሰፋ ጥልፍ ቀሚስ። ሚዛኑ 23 ኪሎ ሲያልፍ የሚወጣ ነገር ይፈለጋል፤ የሕፃኑ ብርድ ልብስ ይወጣል። በርበሬው ቢወጣ ባለቤቱ ትቀየማለች፤ ሕፃን ቂም አያውቅም።

እንዲህ ሲታይ ልግመኛው አውሮፕላኑ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ መነሳት ይከብደውና መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ለእሱ መሐንዲስ አስልቶለታል። በአንድ ክንዷ ልጅ፣ በሌላው የጡጦ ቦርሳ፣ በትከሻዋ የሰው አደራ ይዛ ለምትነሳው ግን ያሰላላት የለም። አየር ላይ ከወጣች በኋላማ ምን ሥራ አላት! ከፊት ግድግዳው ላይ የምትንጠለጠለው የሕፃን አልጋ ብትደርሳት እንኳ፣ አየሩ በተናወጠ ቁጥር የተኛው ልጅ ተነስቶ ወደ ጭን ይመለሳል። ዝቅ ማለት ሲጀመር ጆሮው ያመዋል፤ ጡት ወይም ጡጦ እየሳበ ሲውጥ ይቀለዋል። ጡጦዋ ግን ከአደራው ሥር ናት።

ከዚያ ጉምሩክ አለ። ሥጋ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ አይገባም፤ ቋንጣም ሥጋ ነው። ሳያስመዘግብ የተያዘ መንገደኛ የመጀመሪያ ጥፋቱ ቢሆንም እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ላኪዋ ይህን ስለምታውቅ ቋንጣውን ከሽሮው ውስጥ ቀብራዋለች፤ ለተሸካሚዋ አልነገረቻትም፣ እንዳትጨነቅ ብላ። ይህም ደግነት ነው። ጫቱንማ ባናነሳው ይሻላል፤ በዚያ አገር የተከለከለ ዕፅ ነው፣ የሚጠየቀውም ይዞ የተገኘው ነው። አዲስ አበባ ሆኖ «አደራሽን» ያለውን ማንም አይጠራውም።

ፈታሹ ፌስታሉን ሲቀድ፣ ልጁ ሲጮህ፣ ሰልፉ ከኋላ ሲያጉረመርም፣ ስልኳ ይጠራል። «ደረስሽ? ዕቃዬ ደህና ነው?» ልጁ እንዴት መጣ የሚለው፣ ከተጠየቀ፣ ቀጥሎ ይመጣል። ተቀባዩ ሥራ ላይ ነው፤ ብቅ ብላ ብታደርስለት ደስ ይለዋል፤ ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ነው።

ፖስታ ቤታችን ዕቃ ወደ ውጭ አገር ይልካል። በኪሎ ያስከፍላል፤ ውስጡ ምን እንዳለም አስቀድሞ ይጠይቃል። እናቲቱ ሁለቱንም አታደርግም፤ የምትመረጠውም ለዚሁ ነው።