ዋጋ በውስጥ መስመር

ቤቱ ያምራል። ሳሎኑ ይታያል፣ መታጠቢያ ቤቱ ይታያል፣ ቁም ሳጥኑ ሳይቀር ተከፍቶ ይታያል። ካሬው ተጽፏል፤ ግቢው መኪና ያስገባል፤ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም ተብሏል (ይህችን ማስታወቂያ ነውና እንለፋት)። ዋጋ? «በውስጥ መስመር»። መኝታ ቤቱን ለመላው የቴሌግራም ሕዝብ ያስጎበኘ ሰው፣ ቁጥር ላይ ሲደርስ እንዲህ ዓይናፋር የሚሆነው ምን ነክቶት ነው?

ጋዜጣ ይሻል ነበር እንዳልል እንተዋወቃለን። እዚያም «ዋጋ በስምምነት» ነበረች። ቢሆንም የጋዜጣ ቦታ በገንዘብ ነውና ሻጩ ምላሱን ይሰበስብ ነበር። ሰፈሩ፣ ካሬው፣ «ስልክ ያለው»፣ አለቀ። የዛሬው «ቅንጡ፣ ማራኪ፣ ልዩ» ብሎ ብሎ፣ «ቦሌ» ያለው ቤት ቦሌ አራብሳ ሆኖ ይገኛል።

ጋዜጣ ደግሞ ከተነበበም በኋላ ሥራ ነበረው። ጭቃ ቤት ያደገ ያውቀዋል፤ በዓል ሲደርስ የዱቄት ሙጫ ይበጠበጥና ግድግዳው በጋዜጣ ይለበጣል። ለጣፊዋ እናት ወረቀቱ እንዳይጨማደድ እንጂ ምን እንደሚል ግድ ስለሌላት፣ ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ይለጠፋል። ልጅ አልጋው ላይ ሆኖ አንገቱን እየጠመዘዘ ያነባል። ብዙዎቻችን አጥርተን ማንበብ የለመድነው እንዲያ ነው። በእኔ ራስጌ በኩል አዲስ ዘመን ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም ኖሮ ከእኛ ምርግ ላይ ዐረፈ። ወሬው ሊጥም ሲል «ወደ ገጽ 7 ዞሯል» ይላል። ገጽ 7 ያለው ጎረቤት ቤት፣ ከሞሰባቸው ጀርባ ነው። ሄጄ «እትዬ፣ ሞሰቡን ፈቀቅ ላርገው?» ያልኩበት ጊዜ አለ። ከእግርጌዬ ደግሞ የሚሸጥ ቪላ ተለጥፎ ነበር፤ ክረምት ጣሪያችን ሲያፈስ ጠብታው የሚወርደው እሱ ላይ ነው። ቪላው ከእኛ ጋር አብሮ ሲበሰብስ ከረመ። በቴሌግራም ግድግዳ የለበጠ ካለ ይንገረኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ወደ ውስጥ መስመሩ ገባሁ።

«ስለ ቤቱ ዋጋ ነበር።»

«የትኛው ቤት ጋሼ?»

ፎቶውን ላክሁ። ዝም። ቆይቶ ደወለ።

«በጀትዎ ስንት ነው?»

«የቤቱ ዋጋ ስንት ነው?»

«ለራስዎ ነው ወይስ ውጭ ላለ ዘመድ?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እኔ የቤቱን ዋጋ ስጠይቅ እሱ የእኔን እየተመነ ነው! አሜሪካ እህት አለችኝ ብል ቤቱ ቆሞ እዚያው ሊጨምር ነው። ያንኑ ፎቶ ሌላ ደላላ ሌላ ቻናል ላይ ለጥፎታል፤ የእሱም ዋጋ በውስጥ መስመር ነው። ዋጋ የሚደበቀው ከእኔ እኮ አይደለም፤ ሁላችንም በአንድ ላይ እንዳናውቀው ነው። ለየብቻችን ጠይቀን፣ ለየብቻችን እንድንታለብ።

በዚህ ከተማ የቤት ዋጋ በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ ላይ። እሱ ዛሬም ጋዜጣ ላይ ይወጣል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ይልና ሰንጠረዡን ይዘረጋል፤ የተበዳሪው ሙሉ ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ ስፋት፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ እስከ ሳንቲሙ። ተጫራች የመነሻውን 1/4ኛ በሲፒኦ ይዞ ይቅረብ ይላል። ለአቅመኛ ሻጭ ገመናው ተጠብቆለት፣ ብድር መክፈል ያቃተው ግን ከነአያቱ ስም አደባባይ ይሰጣል። ያ ሁሉ ሚስጥር ጠባቂነት ለእሱ ሲሆን የት ገባ?

ደላላውም ቢሆን እንጀራው ነው። በመቶ ሁለቷን ለማግኘት ቤት ሊገዛ ለማይችል እንደ እኔ ላለ ሰው ስንት ካርድ ያቃጥላል። አዎ፣ ልገዛ አይደለም። ማታ ማታ ቤት ማየት ለምዶብን ነው፤ ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ስልኩን ትጎትታለች። ያ ቤት ኩሽናው ከሳሎን ጋር ክፍት ነው። «ሽንኩርት ሲቁላላ ሶፋው ላይ ሊተኛ ነው?» አለች። ከጓሮ ትንሽ ማድ ቤት እንሠራለን አልኳት። የጓሮው ቦታ ለእናቷ ክፍል የታሰበ ኖሯል። ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ እስካሁን አልተስማማንም።