ስድስት ጊዜ ፍጻሜ

ጎንደር በዘመነ መሳፍንት ምክር ቤት አልነበራትም የሚል ሰው ወንበሩን ፈልጎ ያጣ መሆን አለበት። አሰላለፉማ ነበር፤ ያውም ክረምት በወጣ ቁጥር የሚታደስ። የየጁው እንደራሴ ደብረ ታቦር ሆኖ ያዛል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ ሆነው ይስማማሉ። ያልተስማማ ይወርዳል። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከ1771 እስከ 1792 ዓ.ም. ስድስት ጊዜ ወጥተው ስድስት ጊዜ ወረዱ፤ ቅጽላቸውም «ፍጻሜ መንግሥት»!

ወገን ለሚሻ ምርጫ ሞልቷል፦ ተዋሕዶ፣ ቅባት፣ ጸጋ። በክርስቶስ ባሕርይ ላይ ፍንክች የማይለው መኳንንት፣ ጌታ በመለወጥ ላይ ግን ችኮ አልነበረም።

በ1834 የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ የየጁውን እንደራሴ ራስ ዓሊን ደብረ ታቦር ላይ ድል ነሡ። ዓሊ ሸሹ። ውቤ ድሉን ሲያከብሩ የዓሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ባለድሉን ማረከ። ከዚያ ተሸናፊውን ፈልጎ «አሸንፈዋል» ብሎ መንገር ነው የቀረው። ውቤም ብዙ ሳይቆዩ ተፈትተው ወደ ሹመታቸው ተመለሱ፤ ይህን ያህል ቂም የማያውቅ ጉባኤ የት ይገኛል?

የዓሊ አማች ካሣ ኃይሉ ግን የደንቡ ነገር አልገባቸውም። በ1845 አማታቸውን ዐይሻል ላይ ድል አድርገው ሥልጣኑን አልመልስም አሉ። ውቤ ደረስጌ ማርያምን ለራሳቸው ንግሥ አሠርተዋል፣ አቡነ ሰላማንም ከግብፅ ያስመጡት እሳቸው ናቸው። የካቲት 1847 ቤተ ክርስቲያኑም ጳጳሱም እንደታሰበው ሥራቸውን ሠሩ፤ የተቀባው ካሣ ነው። ውቤ እስረኛ ነበሩ።