«ሲ ነው!»

ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል፤ አክስለሬሽኑ ግን ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ይህን ለጓደኛ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል። የእኛ ተፈታኝ ደግሞ ቸር ነውና የወንድሙን ጊዜ አያባክንም፤ «ሲ ነው» ብሎ ይገላግለዋል። መረዳዳት ባህላችን ነው የሚል አይጠፋም። ደቦም ባህላችን ነው፤ ደቦ የጠራ ገበሬ ግን ማሳው ታርሶለት ያድራል፣ «ሲ» የተቀበለው ልጅ መሬት ጦሟን ታድራለች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃ እንዳይኖር ከየሰፈራቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቸርነቱ እስከዚያ ድረስ ምን ያህል ጉድ ሸፍኖ እንደኖረ ገምቱ።

«መምህርና ቤተ ሙከራ በሌለበት ልጁ ምን ያድርግ?» የሚለው ሙግት ይከብዳል፤ እውነትም አለው። ግን ኩረጃ የጎደለውን ዕቃ አያመጣም፤ መጉደሉን ይደብቃል እንጂ። ሁሉም በሰላም ካለፈ የትኛው ባለሥልጣን ተነሥቶ ለቤተ ሙከራ በጀት ይመድባል? እንግዲህ «ሲ ነው» ባዩ ልጅ ለትምህርት ቢሮው ያለ ደመወዝ የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው።