«ይጣፍጣል» አይባልም

ፖርት ወይን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው ፊቱ ላይ የሚነበበው ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው። እሱ ወይን ነበር የጠበቀው፤ አፉ የገባው ግን እንደ ማር እየጣፈጠ እንደ አረቄ ደረት የሚያሞቅ ነገር ነው። ብርጭቆውን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ ያየዋል፤ አጠገቡ የቆመውን ሰው ያየዋል፤ ይደግማል። ሦስተኛው ላይ ግንባሩ ይፈታል። አራተኛው ላይ ያፍራል።

ስለዚህች ሐፍረት ነው ማውጋት የፈለግሁት።

መጀመሪያ ያየኋት በራሴና በአክስቴ ልጅ ላይ ነው። ሁለታችንም ለንደን ነው የምንኖረው፤ ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት አገኘንና ለሦስት ቀን ወደ ፖርቱጋሏ ፖርቶ ሄድን። ወንዛቸውን ዶውሮ ይሉታል፤ ቶሎ ሲጠሩት ግን ጥርት ያለ ዶሮ ነው፤ እናም የአክስቴ ልጅ ሦስቱንም ቀን «ዶሮ እንሻገር» እያለ ብቻውን ሲስቅ ሰነበተ። ዶሮ ማዶ ጋያ የምትባል ከተማ አለች። የፖርት ነጋዴዎች መጋዘን የተደረደረው እዚያ ነው፤ ስማቸው በትልልቅ ፊደል ጣሪያው ላይ ቆሟል፤ ብዙው የእንግሊዝና የስኮትላንድ ስም ነው። ሁለቱን ዳርቻ የሚያገናኘው ባለ ሁለት ደርብ የብረት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1886 የተከፈተ ነው። ጠዋት የሚሻገረው ጎብኚ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ግን ድልድዩ የጠበበበት ይመስላል።

መጋዘኑ ውስጥ ጨለም፣ ቀዝቀዝ ይላል፤ እርጥብ እንጨትና ዘቢብ ይሸታል። ጉብኝቱ ሲያልቅ ሦስት ብርጭቆ ቀረበልን፦ ነጭ፣ ሩቢ፣ ቶኒ። አስጎብኚዋ «ይሄ ቶኒ ነው» ስትል የቤቱ ባለቤት ስም መስሎኝ «አሁንም በሕይወት አሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። ለካ ቀለም ነው፤ ወደ ቡናማ የሚያደላ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ቀለም አላጣራም። ሩቢውን ጨለጠና «ኧረ ይሄ ነገር ይጣፍጣል!» አለ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ። ያን ቃል ከዚያ በኋላ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

የሚጣፍጠው ስለሚጣፍጥ ነው፤ ምሥጢር የለውም። ወይኑ የሚበቅለው ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ድንጋይ ተፈልጦ እርከን በተሠራበት ገደል ላይ ነው። ፍሬው ይረገጣል፤ ዛሬም በእግራቸው የሚረግጡ ቤቶች አሉ። እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል መለወጥ ይጀምራል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ገና ግማሽ ያህሉ ስኳር ሳይበላ፣ 77 በመቶ የሆነ የወይን አረቄ ይገለበጥበታል፤ ለአራት እጅ ወይን አንድ እጅ አረቄ ገደማ። እርሾው ማዕድ ላይ እንዳለ ይቀጫል። ያልተበላው ስኳር ለእኛ ይተርፋል፤ ጉልበቱም 20 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። በአጭሩ፣ ሥራውን ሳይጨርስ ጡረታ የወጣ ወይን ነው፤ ጡረታውም ከደመወዙ ይበልጣል።

ታዲያ ጣፋጭ መውደድ ምን ያሳፍራል? የሚያሳፍረው ፈረንጁን ብቻ አይደለም። ጠጅ ቤት ገብቶ «ደረቅ!» የሚለውን ጎልማሳና «ለስላሳ አምጣልኝ» የሚለውን ጎልማሳ አስተውሉ። የመጀመሪያው ድምፅ ከበር ይሰማል፤ የሁለተኛው አስተናጋጁ ጆሮ ድረስ ብቻ ነው። ጣፋጭ የልጅ ነው፣ የእንግዳ ነው፣ የባልቴት ነው ብለን ወስነናል። ስለዚህ ጣፋጭ የወደደ ትልቅ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ መተው፣ ወይ ሌላ ስም ማውጣት።

እንግሊዞች ሌላ ስም በማውጣት የሚያህላቸው የለም። ሲጀመር ወዳጅነቱ የፍቅር ሳይሆን የቀረጥ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር ሲጣሉ እ.ኤ.አ. በ1703 ከፖርቱጋል ጋር ውል ተፈራረሙ፤ የፖርቱጋል ወይን ቀረጥ ከፈረንሳዩ በሲሶ አነሰ። ርካሹን እየጠጡ ለመዱ፤ ከለመዱ በኋላ ክብር አበጁለት። ትንሹ ዊሊያም ፒት ልጅ ሳለ ሕመም ስለሚበዛበት ሐኪሙ ፖርት አዘዘለት፤ ልጁ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ አድጎ በ24 ዓመቱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሐኪም ካዘዘው በኋላ ማን ጣፋጭ ነው ይለዋል?

አንድ ሰው ግን ጣፋጭነቱን ፊት ለፊት ተቃውሟል። ጆሴፍ ጄምስ ፎሬስተር የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ፣ ወንዙን ከነጠመዝማዛው በካርታ ያሰፈረ፣ ፖርቱጋሎች የባሮን ማዕረግ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1844 «አረቄ አትጨምሩበት፤ ወይን ወይን ይሁን» የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ አሳትሞ ነጋዴውን ሁሉ በራሱ ላይ አስነሣ። በ1861 በዚያው ካርታውን በሠራው ወንዝ፣ ቫሌይራ ላይ፣ ጀልባው ተገልብጦ ሰጠመ። አብራው የነበረችው ስመ ጥሯ የወይን እመቤት አንቶኒያ ፌሬይራ ተረፈች። እሷን ሰፊ ቀሚሷ አንሳፈፋት፣ እሱን ወገቡ ላይ የታጠቀው የገንዘብ ቀበቶ አሰመጠው እየተባለ ይተረካል። ፖርቱም ጣፋጭ እንደሆነ ቀረ።

ፈረንሳዮች በዚህ ሁሉ አይጨነቁም። በብዛት ፖርት በመግዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው፤ እንግሊዙ ከእራት በኋላ በሥርዓት የሚያዞረውን እነሱ ከምግብ በፊት፣ ሲያሻቸው በበረዶ፣ ይጠጡትና ወደ ገበታቸው ይዞራሉ። የአክስቴ ልጅ ፈረንሳይ ቢኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

ከፖርቶ በተመለሰ በወሩ ሩቢ ጠጪ ሆነ፤ ሩቢ የመጀመሪያ ክፍል ነው፣ ልጅ፣ ርካሽ፣ የፍሬ ጣዕም ያለው። በስድስት ወሩ ሩቢን ናቀ። ቶኒ ጀመረ። ቶኒ ለዓመታት በእንጨት በርሜል ይቀመጥና ቀይነቱን እየጣለ ቡናማ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ላይ 10፣ 20፣ 30፣ 40 የሚል ዓመት ይጻፍበታል። ያን ጊዜ ነው ቃላቱ የመጡት። ብርጭቆው ውስጥ አፍንጫውን ነክሮ «የደረቀ በለስ…» ይላል። ዝም። «ዋልነት…» ዝም። «የሲጋራ ሣጥን።» የሲጋራ ሣጥን ልሶ የሚያውቅ ይመስል። በለስም ጣፋጭ ነው፤ ዘቢብም፣ ካራሜልም፤ በሀገሩ ያለውን ጣፋጭ ሁሉ አንድ በአንድ ይጠራል፣ ዋናውን ቃል እየዘለለ።

አንድ ቀን «የብርቱካን ልጣጭ አለበት» ሲለኝ እኔም የማውቀውን ወረወርኩ። ፖርቶ አጠገብ የነበረው የጥንት ወደብ ፖርቱስ ካሌ ይባል ነበር፤ ከእሱ ፖርቱጋል የሚለው ስም መጣ፤ ዐረቦች ጣፋጩን ብርቱካን በፖርቱጋል ስም ቡርቱቃል አሉት፤ እኛም ብርቱካን አልን። እንግዲህ ፖርትና ብርቱካን የአንድ ወደብ ልጆች፣ በስም የአክስት ልጆች ናቸው። «እንደ እኔና አንተ» አልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም፤ የሲጋራ ሣጥኑ ውስጥ ነበር።

የዓመቱ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። «20 ዓመት» የሚለው ቶኒ በትክክል 20 ዓመቱን የደፈነ አይደለም። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ወይኖች ድብልቅ ነው፤ የወይኑ ተቆጣጣሪ ተቋም ቀማሾች «አዎ፣ የ20 ዓመት ጠባይ አለው» ካሉ ቁጥሩ ይጻፍለታል። ይህን ሳነብ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም አልኩ፤ የፓስፖርት ዕድሜ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ተናደደ። «ስለዚህ እርግጠኛ ዓመት ያለው ቪንቴጅ ብቻ ነው» አለና ወደ መጨረሻው ክፍል ተዛወረ።

ቪንቴጅ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ነው። ዓመቱ እጅግ መልካም ከሆነ ቤቶቹ «ዐውጀናል» ይላሉ፤ በአሥር ዓመት ሦስቴ ያህል ቢሆን ነው። በርሜል ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በጠርሙስ ይታሸግና ለአሥርት ዓመታት በጎኑ ተጋድሞ ይጠብቃል። የጠጪዎቹ ደንብ የተወለዱበትን ዓመት መጠጣት ነው። የአክስቴ ልጅ የተወለደው በ1970 ዓ.ም. ነው። ካሌንደር ዘርግቶ ቢያሰላ በፈረንጅ ወይ 1977 ይሆናል ወይ 1978። 1977 የታወጀ፣ የሚከበር ዓመት ነው፤ በ1978 አብዛኞቹ ቤቶች አላወጁም። አዲስ አበባ ደወለ።

«እማዬ፣ የተወለድኩት ጥር መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?»

«ምን ሆነሃል?» አለች አክስቴ።

«ታኅሣሥ መጀመሪያ ሊሆን አይችልም?»

«የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው የወለድኩህ! ታቦት ሲገባ እልልታውን እየሰማሁ! ምነው፣ ወረቀት ተበላሸብህ?»

በሦስት ሳምንት አመለጠው። ውሃው ወይን በሆነበት በዓል የተወለደ ሰው ወይን ባልታወጀበት ዓመት ላይ መውደቁ አሳዘነኝ፤ እሱ ግን «የተፀነስኩበት ዓመት ነው የሚቆጠረው» ብሎ 1977ን ገዛ። ዋጋው የወር የባቡር ካርዱን ያህላል። ለባለቤቱ ግማሹን ነው የነገራት።

ጠርሙሱ የተከፈተው በፈረንጅ ገና ማታ ነው። አሮጌ ቡሽ እንዳይፈረፈር የጠርሙሱን አንገት በጋለ ብረት መቆንጠጫ ይዞ፣ ቀጥሎ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ነክቶ መስበር የሚባል ጥበብ አለ። አማረው። ባለቤቱ «በቡና መቆንጠጫዬ አንገት አትቆርጥም» ብላ ከለከለችው። ቡሹ ተፈረፈረ። በሻይ ማጥለያ አጠለለውና ዲካንተር ውስጥ ገለበጠው፤ ዲካንተር ማለት ያደገ ብርሌ ነው። ስቲልተን የሚባለው ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት አይብም ቀረበ። ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ፣ በክብር ተጋብዘዋል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሲያጠና የከረመው ለእሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ደንቡ እንዲህ ነው። ፖርት ወደ ግራ ይተላለፋል፤ አይቆምም፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ፊትህ ከቆመብህ ደግሞ «አሳልፍ» አይሉህም፤ ነውር ነው። «የኖርዊችን ጳጳስ ያውቋቸዋል?» ብለው ይጠይቁሃል። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔ ያደግሁት ባለቤት እየዞረ በሚቀዳበት፣ «ኧረ ጠጣ፣ ምነው!» ካልተባለ ግብዣ በማይመስልበት ቤት ነው፤ ጠርሙስ ፊቴ ሲቆም ለእኔ የቆመ ነው የሚመስለኝ። ቀዳሁ። ዲካንተሩን አጠገቤ አስቀመጥኩ።

ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኖርዊችን ጳጳስ ያውቋቸዋል?»

«አላውቃቸውም» አልኩ። ሰው በደኅና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲያነሣ ዝም አይባልምና «ደኅና ናቸው?» ብዬ ጨመርኩ።

«እጅግ ደግ ሰው ናቸው። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ ፖርቱን ማሳለፍ ይረሳሉ።»

«ዕድሜ ነው» አልኩ በሐዘኔታ፣ እየደገምኩ እየቀዳሁ።

የአክስቴ ልጅ በጠረጴዛ ሥር ረገጠኝ። ዲካንተሩ ጉዞውን ቀጠለ። ስለ በለስ ተወራ፤ ስለ ትምባሆ ተወራ፤ ሰውዬው ስለ 1963 ቪንቴጅ የነገሩን ከባድ ነበር፤ ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። አምስት ሰዓት ሲሆን በር ድረስ ሸኘናቸው።

ዲካንተሩ ሥር ሁለት ጣት ያህል ቀርቷል። ቶኒ ተከፍቶ ሳምንታት ይቆያል፤ አሮጌ ቪንቴጅ ግን በአንድ ሁለት ቀን መልኩ ይጠፋል፤ ስለዚህ መጨረሱ ግዴታችን ነበር። ቀዳሁ። የአክስቴ ልጅ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ምን አገኘህበት?»

«ይጣፍጣል» አልኩ።

መልስ አልሰጠም። በመስኮቱ ወደ ጎረቤቱ ቤት ተመለከተ፤ የፎቁ መብራት እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ዲካንተሩን ከፊቴ አንሥቶ ለራሱ ሞልቶ ቀዳ፤ በቀኝ በኩል።